ቡዳ ብለን የሸኘናቸው ሰዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በእስራኤል ስለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ስለሄዱ አይሁድ፣ በቅርቡ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ወገኖቻችን በቆዳቸው ቀለም የተነሣ በሥራ ፍለጋም ሆነ በፖሊስ ፊት የሚደርስባቸውን በደል ዘርዝሮ በማቅረቡ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከጻፈውም ውስጥ የምቃወመው የለኝም። ቅር ያሰኘኝ ታሪኩ የሚጀምረው ሰዎቹ ከአውሮፕላን ከወረዱበት ሰዓት መሆኑ ነው። ጽሑፉን የሚያነብ ወጣት፣ እነዚህ ሰዎች ጎንደር ሳሉ ተከብረውና ከጎረቤታቸው ጋር ከአንድ መሶብ እየቆረሱ የኖሩ፣ ንቀት የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩትም ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ሊመስለው ይችላል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ባለ የገጠር መንደር ነው። የነበረውን በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

በእኛ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ውኃ የሚቀዳበት እንስራና ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ሁሉ የቤተ እስራኤላውያን የእጅ ሥራ ነበር። የአባቴን ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ የደነዘ ማጭዱንም የሚያሾለው ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ባለ እጅ ነው። ይሁን እንጂ እናቴ ምጣድ ልትገዛ ስትሄድ ሸክላ ሠሪዋ ትኩር ብላ እንዳታያት ታናሽ እኅቴን በነጠላዋ ሸፍና ታዝላት ነበር። ከመንደራችን አንድ ሰው በድንገት አተኩሶት ቢወድቅ «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል፤ ጭስ እየታጠነ የያዘው ማን እንደሆነ እስኪለፈልፍ ድረስም ይጠየቃል። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው የሚጠራው ደግሞ ጤነኛ ሳለ ሲፈራው የኖረውን ሰው ስም ስለሆነ፣ ጣቱ የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ ወንዙ ማዶ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ወባ ሳይሆን አይቀርም። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ የሰው ደም ይመጥጣል፣ መቃብርም ያወጣል እየተባለ ይነገረን ነበር። የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ያልሰማ ልጅ በመንደራችን አልነበረም፤ ጉትቻውን አየሁ የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ በልጅነቴ የነገረኝ ሰው የለም። ታሪኩን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ ሲነገር ኖሯል። እኛ እንደ ዘር ስም ቆጥረን «ፈላሻ» ስንላቸው የኖርነው ስም ትርጉሙ ከርስቱ የተነቀለ፣ መጻተኛ ማለት ነው። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ከማረስ የተረፈው መንገድ እጁ ብቻ ስለነበር፣ ወንዱ ወደ ወናፍና ወደ ሸማ ጉድጓድ፣ ሴቷም ወደ ሸክላ ጭቃ ገቡ። ጎንደር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማ ሆና ስትቆረቆርም በግንበኝነትና በአናጢነት ካገለገሉት መካከል እነሱ እንደነበሩበት የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እንግዲህ መሬቱን ነፍገን ወደ እሳቱ ከገፋናቸው በኋላ፣ ብረትን በእሳት የሚያለሰልስና አፈርን ወደ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ራሱንም ወደ አውሬ ሳይለውጥ አይቀርም ብለን ፈራናቸው ማለት ነው። ሙያውን በማያውቅ ገበሬ ዓይን ሲታይ የቀጥቃጭ ጎጆ በእርግጥም አስፈሪ ነው፤ ሌሊት ሲናፋ የሚታየው ብልጭታ እኔንም ያስፈራኝ ነበር። ሆኖም ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ደፍሮ ወደ ጎጆው ገብቶ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቀም።

መንግሥት ነገሩን ሳያየው የቀረ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውንም እንዲሁ በሥራው ስም እያነሣ የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አስታውቀው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከስድሳ ዓመት በኋላ የእኔ እናት እኅቴን በነጠላ ትሸፍን ነበር።

«እነሱስ ቢሆኑ መቼ ወደ እኛ ቀረቡ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቤተ እስራኤል ከሌላ እምነት ሰው ጋር ከተነካኩ ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው አይገቡም ነበር። እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበሉም፤ ሴቶቻቸውም በወር አበባቸውና በአራስነታቸው ጊዜ ከመንደሩ ዳር ባለች ጎጆ ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። ይህን ያየ ጎረቤት «አትንኩኝ» የሚል ስም አወጣላቸው። ለእነሱ ግን ነገሩ በኦሪት የታዘዘ የንጽሕና ሕግ ነው። እኛ በሙስሊም እጅ የታረደ እንደማንበላ፣ እነሱም የእኛን አለመብላታቸው ከጥላቻ የመጣ አልነበረም። ይልቁንም ሁለቱ ወገኖች ምን ያህል ይመሳሰሉ እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል። ሁለታችንም ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፤ የእሪያ ሥጋ አንበላም፤ ኦሪትን የምናነበው በግእዝ ነው፤ ቅዳሜንም እናከብራለን፤ መነኮሳትም በሁለታችንም ወገን ነበሩ። በጎንደር አካባቢ ያለችው የአምቦበር መንደር ቤተ እስራኤላውያን ስግድ በሚባለው የጾምና የጸሎት በዓላቸው ዕለት ኦሪቱን ተሸክመው ወደ ተራራ ሲወጡ ከሩቅ ያየ ክርስቲያን ታቦት የወጣ መስሎት መስገድ ቢቃጣው አይደንቅም። ከዚህ ሁሉ መካከል ዓይናችን የተተከለው በጎጆዋና በወናፉ ላይ ነው።

ወደ እስራኤል ስንሻገር ያው ነገር በሌላ መልክ እናገኘዋለን። አንድ የዘመን ግጥምጥሞሽ አለ፤ የገጠር መሬት አዋጅ ለእነዚህ ሰዎች በአገራቸው መሬት የሰጣቸው በ1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእስራኤል መንግሥት አይሁድ ሁሉ ወደ እስራኤል ገብተው እንዲኖሩ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እነሱንም እንደሚመለከት የወሰነው በዚያው ዓመት ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። ያቺ ለዘመናት በጸሎታቸው ሲጠሯት የኖሩት ኢየሩሳሌም ግን አይሁድነታቸውን ጠረጠረችው። የሃይማኖት አለቆቹ ለማረጋገጫ ውኃ ውስጥ ይጠመቁ ሲሉ፣ ከጥምቀት ሽሽት ርስታቸውን ያጡ ሰዎች ልጆች ይህን መስማት ምን ያህል እንደሚመራቸው ያሰበ ያለ አይመስልም። ሽማግሌዎቹ በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። በየመንደሩ ሕዝቡን ሲያስተምሩና ሲያስታርቁ የኖሩት ቄሶቻቸውም ጋብቻ የማጽናት ሥልጣን ተነፈጉ።

ጥቃቅን የሚመስሉት ነገሮችም የራሳቸውን ጉዳት አድርሰዋል። በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው። የእስራኤል መዝገብ ግን የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ ጸሐፊው የአያትን ስም ለሁሉም ያድላል፤ ለልጁም ለአፍ ይቀላል ተብሎ አንድ የዕብራይስጥ ስም ይሰጠዋል። ሌላው የዓይን ነገር ነው። ልጅ ታላቁ ሲያነጋግረው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ማየቱ እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ ቀና ብሎ ዓይን ለዓይን ቢተያይ «ምን ያፈጥብኛል?» ይባላል። እዚያ ያሉ መምህራን ግን ይህንኑ ጨዋነት የሚደብቀው ነገር እንዳለው ወይም ትምህርቱ እንዳልገባው ቆጠሩት። በጎንደር ሸክላ ሠሪዋ ትኩር ብላ በማየቷ ስትከሰስ፣ የልጅ ልጇ ኢየሩሳሌም ላይ ዓይኑን በመስበሩ ተከሰሰ።

ከሁሉ የከፋው ግን የደሙ ነገር ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ የእስራኤል ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም የኤች አይ ቪ ሥጋት አለበት ተብሎ ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲደፋ ኖሯል። ለጋሾቹ እንዳያፍሩ በሚል ደሙ በክብር ይወሰድና ዘወር ሲሉ ይጣላል። ያን ጊዜ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጭቷል። እኔ ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የእናቴ ነጠላ ነው። እዚህ ደም ይመጥጣሉ ተብለው ተፈሩ፤ እዚያ በገዛ ፈቃዳቸው የሰጡት ደም ተደፋ። የሕክምና ባለሙያዎቹ ያቀረቡት ምክንያት በቁጥር የተደገፈ ስለነበር ከእኛ የጅብ ተረት ይሻላል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ልዩነቱን የማየው በቋንቋው ብቻ ነው፤ አንዱን ሰው ሳይመረምሩ በወገኑ ስም መፍረድ በሁለቱም ዘንድ አለ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳይባል ደግሞ በዙሪያችን ያለውን እንመልከት። በጣና ዳርቻ ደንገል እየታጠፈ ታንኳ የሚሠራበትን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩት ወይጦዎች እስልምናን ተቀብለው እያለ የእምነት ወንድሞቻቸው እንኳ ሲርቋቸው ኖረዋል። በከፋ ምድር የሚኖረው ማንጆና በጉራጌ ምድር ፉጋ የሚባለው ባለሙያም ስለ አመጋገባቸውና ስለ ሙያቸው በሚነገር ወሬ ምክንያት ከጎረቤት ጋር እኩል ተቀምጠው መብላትና መጋባት ተነፍገው የኖሩ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ቢደነግግም፣ ሠርግ ቤት ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሌላ ያልተጻፈ ሕግ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ሄዶ የጥለት ዋጋ የሚከራከር ሰው፣ ልጁ የሸማኔ ልጅ ላግባ ቢለው ምን እንደሚመልስ አላውቅም፤ የአንዳንድ ወዳጆቼን መልስ ግን ሰምቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ጎንደር ሄጄ ሳለ ከከተማው ወጣ ብላ በስሜን መንገድ ላይ ወዳለችው ወለቃ ጎራ ብዬ ነበር። ቤተ እስራኤላውያኑ ከሄዱ ቆይተዋል። በመንገዱ ዳር ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ አንበሶችና የስድስት ማዕዘን ኮከብ ያለባቸው ጎጆዎች ለጎብኚ የሚሸጡት የአካባቢው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ጀበና የገዛኋት ሴት ሙያውን ከማን እንደተማረች ስጠይቃት «ከነሱው» ካለችኝ በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቤተ ዘመዶቿ ይህን በመሥራቷ ደስተኞች እንዳልሆኑ ነገረችኝ።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው በጽሑፋችሁ ውስጥ ሦስት ቦታ የገባው «ፈላሻ» የሚለው ቃል ባለቤቶቹ በማይወዱት ስም መጥራት ስለሆነ ወደፊት በቤተ እስራኤል እንዲተካ ነው። ሁለተኛው፣ ለተከታዩ ክፍል ዘጋቢያችሁን ወደ ቴል አቪቭ ከመላካችሁ በፊት ወለቃ ድረስ ልካችሁ ያቺን ሸክላ ሠሪ ጎረቤቶቿ ዛሬ ምን ብለው እንደሚጠሯት ብታስጠይቁልን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎንደር ተወላጅ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ