ፋሲልም እኮ አባት ነበረው!

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስለ ጎንደር ግንቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡና ተፈልቶ እያለ ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን እንደተለመደው ነገሩን ከአጼ ፋሲልና ከ1628 ዓ.ም. ጀመራችሁት። ፋሲልም እኮ አባት ነበረው!

አባቱ አጼ ሱስንዮስ፣ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር፣ ጎርጎራ ላይ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ነበር። ሥራውን የመራው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ቄስ ነው፤ እሱም በ1614 ዓ.ም. እዚያው ጎርጎራ ሞተ። ዛሬ ቦታው ላይ ያለው ፍርስራሽ ነው፣ ማርያም ግንብ ይሉታል፣ ያለ ጀልባ መድረስ ፈተና ነው። እኔ አንዴ ሄጃለሁ። ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ አበባ አይቼ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም የቅጠሉ ጠርዝ ይታወቃል። አጠገቤ ፍየል ቅጠል ታኝካለች።

የሱስንዮስ የአትክልት ቦታ ደግሞ እኛ ሰፈር አዘዞ ነበር። ሱስንዮስ የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ ከሱ ጋር አትክልትና የውኃ ገንዳም አሠራ፤ ስሙ ራሱ ገነት አይደል? የተቀበረውም እዚያው ነው። በጥምቀት የምንሰበሰብበት የፋሲል መዋኛም ሐሳቡ ከአባትየው ገንዳ የመጣ ይመስለኛል፣ ይህ እንግዲህ የእኔ ግምት ነው። እኛ ግን ልጅ ሆነን እነዚያ ድንጋዮች ላይ ስንዘል የማን እንደሆኑ የነገረን ሰው አልነበረም።

ለምን እንደተረሳ ይገባኛል። ሰውየው ካቶሊክ ሆነ፣ አገር በጦርነት ታመሰ፣ በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. የኦርቶዶክስን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። እሺ፣ በእሱ እንቀየም። ግንቡ ምን አደረገ? አትክልቱስ? በቀደም አንድ አስጎብኚ ለእንግዶች «ከፋሲል በፊት እዚህ አካባቢ ግንብ የሚባል ነገር አልነበረም» ሲል ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ፤ በሰው ፊት ተከራከርን፣ እንግዶቹም ግራ ገባቸው።

እዚህ አዘዞ አንድ ታፔላ እንኳ ቢቆም ምን ነበረበት። እናንተም በሚቀጥለው ስትጽፉ ከጎርጎራ ጀምሩልን። ጋዜጠኛ ከላካችሁ እኔ አሳያለሁ፣ የባጃጁም ሒሳብ በእኔ ነው።

አንባቢያችሁ
ከአዘዞ፣ ጎንደር