ጉልበቴ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር በጽሑፍ መዋሸት አቃተኝ። በስልክ ግን ሁለት ወር ሙሉ ዋሽቼሻለሁ። ድምፄ የሰለለው በሥራ ብዛት ሳይሆን ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ያ ከሦስት ዓመት በፊት ያስገባሁት ሰው ሠራሽ ጉልበት አመረቀዘ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጉልበቴ አብጦ ሲግል ሐኪም ጋ መሄድ ሲገባኝ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አንቲባዮቲክ አግኝቼ 3 ሳምንት ዋጥኩ። ህመሙ በረድ አለ፤ ዳነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ከድሮው ጠባሳ ጎን ትንሽ ቀዳዳ ተከፍታ እዥ ማንጠብጠብ ጀመረች። ሐኪሙ ተቆጣኝ። ለካ መጀመሪያ በመርፌ ውሃውን ቀድተው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፤ ክኒኑ ደግሞ ተህዋሱን ይደብቀዋል። 2 ሳምንት መድኃኒት አስቁመው ቀዱልኝ፤ ስታፊሎኮከስ ሆኖ ተገኘ።

ክኒን ለምን አልበቃውም ትዪ ይሆናል። ተህዋሱ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ዙሪያውን እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ያበጃል፤ መድኃኒት እዚያ ውስጥ ዘልቆ መግባት ያቅተዋል። እንደጀመረኝ ሰሞን ብሄድ ኖሮ ከፍተው፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው፣ አጥበው፣ መካከል ያለውን ፕላስቲክ ብቻ ቀይረው ብረቱን ሊተዉልኝ ይችሉ ነበር። አለፈኝ። ለአንዳንዱ ሰው አሮጌውን አውጥተው በዚያው ቀን አዲስ ይተኩለታል። የኔ ቀዳዳ ስላለው ሐኪሙ በሁለት ዙር ይሁን አለ፤ መጀመሪያ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ በኋላ ይገባል።

እናም አሁን በወጣው ብረት ቦታ ጉልበቴ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ነው! ቫንኮማይሲንና ጀንታማይሲን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ተቀላቅለውበት መድኃኒቱን ከውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል። በዚያ ላይ በደም ሥሬ 6 ሳምንት እወስዳለሁ፤ አራቱን ጨርሻለሁ። እግሬ በማሰሪያ ተወጥሮ አይታጠፍም። መጸዳጃ ቤት ስገባ ፊት ለፊቴ በርጩማ አስቀምጬ እግሬን እዚያ ላይ ዘርግቼ ነው የምቀመጠው፤ ብታዪኝ ትስቂ ነበር።

የፈራሁትንም ጠየቅሁት፦ «ይሄም ካልሠራስ?» ሁለቱን አጥንት አጋጥሞ ማያያዝ አለ፤ ያኔ እግሬ ዕድሜ ልኬን እንደተዘረጋ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው። የመጨረሻው መጨረሻ ነው ብሎ አጽናናኝ፣ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም።

አሁን የምለምንሽ የእማዬን ጉልበት ነው። እሷም ብረት አለባት። ስታጥቢያት በእጅሽ ጀርባ ሁለቱንም ዳብሺ፤ አንዱ ከሌላው የሚሞቅ ወይም ያበጠ ከሆነ፣ ወይም አዲስ ህመም ካለ፣ ክኒን ሳትሰጫት በዚያው ቀን ሐኪሟ ጋ ውሰጃት።

ሲሚንቶው ወጥቶ አዲሱ ጉልበት የሚገባው ደሜ ንጹሕ መሆኑ ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ለእማዬ ሥራ በዝቶበት ነው የምትያትን ውሸት ያዥልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ