ያቺ «ሁሉ» የምትል ቃል ትታረም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ወጪ መጋራት ዕዳ፣ ማለትም ተመራቂ ለተማረበት ሥራ ሲይዝ ስለሚከፍለው ገንዘብ፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በስልኬ፣ ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥልኝ። ተመራቂው ዕዳውን ለምን አይከፍልም የሚለውን ክርክር ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ እስኪመረቅ ድረስ ሳንቲም አያወጣም» ይላል።

ሁሉ? ማን ነው ሁሉ?

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደምበጫ ነው። በዲፕሎማ ተቀጥሬ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ቅዳሜና እሁድ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሻለሁ። የምማረውም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ግን በክሬዲት ሀወር፣ በምወስደው የትምህርት መጠን ማለት ነው፣ ተሰልቶ የመጣብኝን ቀድሜ ካልከፈልኩ ስሜ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ባንክ፣ ከዚያ ሬጅስትራር፣ ከዚያ ክፍል። የባንኩን ስሊፕ በሬጅስትራሩ መስኮት ካላቀበልኩ ምዝገባ የለም። ስሊፖቼን በሙሉ የትንሹ ልጄ የክትባት ካርድ በነበረበት ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀለማቸው ለቆ ቁጥሩ አይነበብም። የከፈልኩት ግን አይረሳኝም።

እቤቴ ሌላም ተማሪ አለች። ትልቋ ልጄ በመደበኛው መርሐ ግብር ገብታ እየተማረች ነው። እሷ የወጪ መጋራት ውሉን ቅጽ ሞላች፣ ፈረመች፣ ገባች። በውሉ መሠረት የምግቧንና የመኝታዋን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም የተወሰነውን ትጋራለች። የምትከፍለው ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ነው። ያኔ ከገቢዋ በየወሩ ይቆረጣል፤ ለመጨረስም ዓመታት አሏት። ይህ በመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ባይኖር እሷን ማስተማር አልችልም ነበር። እሷ ሠርታ መክፈሏም ተገቢ ነው፤ ልጁን ያላስተማረው የጎረቤቴ ግብር የእኔን ልጅ ሲያስተምር ዝም ብዬ አልቀበልም።

እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ተማሪ አለን። አንዷ ተምራ ትከፍላለች፣ አንዷ ከፍላ ትማራለች። ዘጋቢያችሁ አንዷን አይቶ «ሁሉ» አለ።

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። መንግሥት የ19 ዓመት ልጅ በዱቤ ያስተምራል። ልጅቷ ሥራ ታገኛለች ወይስ አታገኝም የሚለውን ማንም አያውቅም። እኔ ግን ፔይሮል ላይ ነኝ። ግብሬ በየወሩ ይቆረጣል፣ ጡረታዬ ይቆረጣል። እንደ ልጄ ውል ቢያስፈርሙኝ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መቁረጥ ይችላሉ። የት እሄዳለሁ? ቤቴ እዚህ ነው፣ ወንበሬ እዚህ ነው፣ ልጆቼ እዚህ ናቸው። ዘገባችሁ ዕዳውን መሰብሰብ አልተቻለም ብሎ ሙሉ ገጽ አማረረ። ዕዳ ለመሰብሰብ ከማንም የምንቀለው እኛ ግን በዱቤው የለንበትም፣ በዘገባውም የለንበትም። አንድ የማታ ተማሪ አናግሩ ብሎ ያሰበ አልነበረም?

የጎጃምን ነገርማ ተዉት። ምዝገባው የሚጠራው መስከረም ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ቆሟል። እናቴ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ነው የምትኖረው። የእሷ ድርሻ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣው ጥር ላይ ነው። ትረዳኝ ዘንድ ብትፈልግ እንኳ እጇ ላይ የሚገባው ያኔ ነው። የምዝገባው ቀን ግን አይጠብቃትም። መንገድ ሲዘጋም አይጠብቅም። ባለፈው ዓመት መኪና ጠፍቶ ስድስት ቀን ዘገየሁ። ቅጣት ከፈልኩ። በስልክ ክፈይ የሚል ሰው ይኖራል፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ኢንተርኔት አጥቶ ስንት ወር እንደቆየ ግን የዜና ሰዎች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ከየት አመጣለሁ? አንድ ሴሚስተር እቁብ ወጥቶልኝ ከፈልኩ። ሦስት ጊዜ ደግሞ ከመሥሪያ ቤታችን ብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበደርኩ። ሁለት ዋስ አምጪ እባላለሁ። ዋስ የሚሆኑኝም እንደ እኔው ደመወዛቸው ወር የማይሞላላቸው ሰዎች ናቸው። የአንዱን ብድር ሳልጨርስ የሚቀጥለው ምዝገባ ይደርሳል። ወር ሲሞላ እጄ ላይ የሚቀረውን ቆጥሬ፣ የዘይቱን ለይቼ፣ ለልጄ የምልክላትን ለይቼ፣ የሳምንቱን ትራንስፖርት ሳሰላ ሌሊቱ ይጋመሳል። ለእኔ የትምህርት ብድር ማለት ይሄ ነው። ወለዱም፣ ዋሱም፣ ጭንቀቱም የራሴ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ተናድጄ ብቻ አይደለም። ዘገባው ጎድቶኛል። ያ አትሞ ያስቀመጠልኝ ባልደረባዬ የማኅበሩ ብድር ኮሚቴ አባል ነው። ለዚህ ሴሚስተር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ሦስተኛውን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ፣ «እመቤት፣ ሳንቲም አያወጡም እኮ ይላል። ታዲያ ብድሩ ለምንድን ነው?» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። በጋዜጣ የተጻፈ ነገር አምኖ ነው። ስሊፖቼን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። እሱ ግን ቀለሙ የለቀቀውን እያገላበጠ «ይሄ ምን ይላል?» ይለኛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። «በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማር» ብላችሁ አርሙት። የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ከኪሱ ከፍሎ እንደሚማር በአንድ መስመር ጨምሩበት። ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ ይሁን።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው የሚመጣው ማክሰኞ ነው። እርማቱ ከዚያ በፊት ቢወጣ አሳትሜ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዘዋለሁ።

አንዲት የቅዳሜና እሁድ ተማሪ
ከደምበጫ፣ ጎጃም