የሳያቲካ ሕክምናዎች ሁሉ እኩል አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ሳያቲካን፣ ማለትም ከወገብ ወይም ከመቀመጫ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ ሕመም፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ስለ ማከም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጉዳዩን በማንሳታችሁ አመሰግናለሁ። ያላስደሰተኝ አቀራረቡ ነው። የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ መርፌ፣ የወገብ ቀበቶ፣ በመሣሪያ መጎተት፣ መታሸት፣ ቫይታሚን፣ የአልጋ ዕረፍት፣ እንቅስቃሴ፤ ሁሉም በየተራ ሁለት ሁለት መስመር ተሰጥቷቸው ተሰልፈዋል። የትኛው ተፈትኖ እንደረዳ፣ የትኛው ተፈትኖ እንደወደቀ፣ የትኛው ደግሞ ሊጎዳ እንደሚችል አንድም ቃል የለም። በሕመም የሚሠቃይ ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር እጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጀምራል።

ይህን የምለው በፋርማሲስትነት ረጅም ዘመን ስለሠራሁ ነው። ሳያቲካ ያለበትን ሰው የሐኪም ማዘዣውን ከማየቴ በፊት መለየት ለምጃለሁ። ወንበር ስጋብዘው አይቀመጥም። ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ፣ የሌላውን ጉልበት ትንሽ አጥፎ፣ በክንዱ ባንኮኒውን ይደገፋል። ሊያስነጥሰው ሲል ፊቱ ይቋጠራል። እኔም በዚያው አኳኋን ቆሜ መድኃኒት ያደልኩበት ጊዜ ነበር፤ ከቀኝ መቀመጫዬ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባና በባቴ በኩል እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ የሚወርድ፣ የሚያቃጥልና የሚነዝር ሕመም ይዞኝ። ካልሲ ማጥለቅ ከቀኑ ሥራ ሁሉ የከበደኝ ያን ጊዜ ነው።

ጽሑፋችሁ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነግረን ይገባ የነበረው ይህ ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሻለው መሆኑን ነው። ምክንያቱም የሚታወቅ ነው። ሳያቲክ ነርቭ ከታችኛው ወገብና ከዚያ በታች ካለው የአከርካሪ ክፍል በሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች የተገመደ፣ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ሕመሙን አዘውትሮ የሚያመጣው ከመጨረሻዎቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉ ትራሶች) የአንዱ ውስጠኛ ለስላሳ ክፍል ሾልኮ ወጥቶ ከእነዚህ ሥሮች አንዱን ሲነካ ነው። ጉዳቱ በመጫን ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የሾለከው ነገር በዙሪያው ብግነት ያስነሣል፣ ነርቩም በዚያ ይቆጣል። ሰውነት ግን ዝም ብሎ አይመለከትም። የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ቁራጩ እየገቡ ይበሉታል፤ እየኮሰሰ ይሄዳል። የሚገርመው ከዲስኩ ጨርሶ ተነጥሎ የወጣው፣ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ፊልም ላይ ሲታይ የሚያስደነግጠው ትልቁ ቁራጭ፣ ጥቂት ካበጠ ዲስክ ይልቅ የመሟሟት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ነው።

ኤምአርአይን ካነሣሁ አይቀር፣ ፊልሙን እንደ ፍርድ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። በ2015 ታትሞ የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ የ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 84 በመቶው በፊልም የሚታይ ያበጠ ዲስክ እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ፊልሙ ዋጋ የሚኖረው ሐኪሙ በምርመራ ካገኘው ጋር ሲገጥም ነው። ተረከዝን አንሥቶ በጣቶች መራመድ ይቻላል ወይ? ጣቶችን አንሥቶ በተረከዝስ? በጀርባ ተጋድሞ እግርን ቀጥ አድርጎ ሲነሣ ሕመሙ ከጉልበት በታች ይወርዳል ወይ? እነዚህን ሳይጠይቅ በፊልም ብቻ የሚወስን ሰው ግማሹን ምርመራ ትቶታል።

የአልጋ ዕረፍትን በተመለከተ ዝርዝራችሁ ያረጀ ነው። በ1999 በኔዘርላንድስ በ183 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ የዋሉትን፣ የሚችሉትን ያህል እየተንቀሳቀሱ ከጠበቁት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በ12ኛው ሳምንት ከሁለቱም ወገን 87 በመቶው ተሽሏቸዋል። ሕመሙ በጣም በሚጠናበት ቀን መጋደምን የሚከለክል የለም፤ በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማድረግ፣ ወይም በጀርባ ተኝቶ ከጉልበት ሥር ትራስ ማስገባት ብዙውን ሰው ያሳርፋል። መጋደምን ሕክምና ብሎ ለሳምንታት ማዘዝ ግን ጡንቻ ከማላላት አያልፍም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ቅር አይበላችሁ።

ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን «የነርቭ መድኃኒት» በመባላቸው ብቻ ለሳያቲካ በብዛት ይታዘዛሉ። ለሌሎች የነርቭ ሕመሞች የሚጠቅሙበት ቦታ አላቸው። በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን 209 የሳያቲካ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ፕሪጋባሊን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ሰጥቶ ተከታተለ። ከስምንት ሳምንታት በኋላ በእግር ሕመም ረገድ መድኃኒቱን የወሰዱት አልበለጡም። የበለጡት በጎንዮሽ ጉዳት፣ በተለይም በማዞር ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2020 መመሪያውን ሲያሻሽል እነዚህ መድኃኒቶች ለሳያቲካ እንዳይሰጡ ጽፏል። በአፍ የሚወሰድ ስቴሮይድንም (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው) ጨምሮ ከልክሏል። ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በድንገት የሚያቋርጥ አንባቢ እንዳይኖር ግን አደራ፤ የሚቆመው መጠኑ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የሚሰጡት እፎይታ መጠነኛ ነው፤ ለአጭር ጊዜ፣ በአነስተኛ መጠን ቢሞከሩ አልቃወምም። የምቃወመው የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ፣ በዚያው ቀን ቤት ሄዶ አይቡፕሮፌን መዋጥን ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት ናቸው፤ ሲደራረቡ የሚጨምረው እፎይታው ሳይሆን በጨጓራና በኩላሊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እነዚህ ሁሉ ሳይጠይቁ ሊነኩት አይገባም። ስለ ቫይታሚን ቢ መርፌ የሚወራውም ከልኩ አልፏል። ቢ12 ያነሰው ሰው፣ ለምሳሌ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛ፣ ተመርምሮ ቢያገኘው ተገቢ ነው። ነርቭ ላይ የተጫነ ዲስክን ግን ቫይታሚን ከቦታው አያነሣውም። እንዲያውም ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ታማሚው «የሚያመኝ ላይ ውጉኝ» ብሎ መቀመጫውን ሲያዞር እሺ የሚል ባለሙያ ነው። ሳያቲክ ነርቭ በመቀመጫ ጡንቻ ሥር ያልፋል። በመቀመጫ መሃል ወይም ታችኛ ክፍል የተሰጠ መርፌ ያንኑ የታመመ ነርቭ ሊጎዳና ሰውየው እንዲያነክስ ሊያደርግ ይችላል፤ በሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመታት የሚነገር ነገር ነው።

ይህ መርፌ በሠለጠነ ሐኪም በምስል እየተመራ በሰረሰር ሽፋን ዙሪያ ከሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ጋር መምታታት የለበትም። ጽሑፋችሁ «መርፌ» ብሎ ሁለቱን ጨፍልቋቸዋል። ኤፒዱራል የሚባለው ይህኛው በአጣዳፊና በከባድ ሳያቲካ ላይ የሚሞከርበት ምክንያት አለው፤ የሚያስገኘው ለውጥ በአማካይ ትንሽና አጭር ዕድሜ ያለው ቢሆንም፣ ሌሊቱን መተኛት ላቃተው ሰው ጊዜ ይገዛለታል። አልፎ አልፎ ከባድ የነርቭ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 አስጠንቅቋል። የሚሰጠው ሰው ይህን ሰምቶ ሊወስን ይገባል።

በቀበቶው፣ በመጎተቻው፣ በኤሌክትሪክ ማነቃቂያው ላይ ብዙ አልልም። ያው የናይስ መመሪያ ሦስቱንም አትስጡ ይላል። ሙቅ ውሃ የተጨማደደ ጡንቻን ያላላል፤ የደነዘዘ እግር ግን ሙቀቱን ስለማያውቀው ቆዳ ሊቃጠል ይችላል።

የቀረው እንቅስቃሴ ነው፤ በዝርዝራችሁ መጨረሻ ላይ የተጣለው። የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ በ1956 የገጠማቸውን ነገር ልጥቀስ። እግሩ ድረስ የሚያመው አንድ ታካሚያቸው ራስጌው ቀና ብሎ የቀረ አልጋ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ወገቡ ወደኋላ እንደታጠፈ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የእግሩ ሕመም ለቆት አገኙት። ከዚያ ተነሥተው ያዳበሩት ዘዴ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ቁም ነገሩ ሕመሙ የሚሸሽበትን አቅጣጫ መፈለግ ነው። አንድ እንቅስቃሴ ሕመሙን ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ከሰበሰበው፣ ወገቡ ላይ ለጊዜው ቢብስ እንኳ መልካም ምልክት ነው። ወደ ታች ከገፋው ያ እንቅስቃሴ ለዚያ ሰው አይሆንም። እኔን ያገዘኝ በደረቴ ተኝቶ በክርን ቀና ማለትና አጭር አጭር መንገድ ደጋግሞ መሄድ ነበር። በዕድሜ የገፉ፣ የነርቭ መተላለፊያቸው የጠበበባቸው ሰዎች ግን በተቃራኒው ወደፊት ጎንበስ ሲሉ ነው የሚቀላቸው፤ የእኔን ቢኮርጁ ይብስባቸዋል። ፊዚዮቴራፒስት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሥራው መሣሪያ ከመለጠፍ ይልቅ አይቶ መምረጥ ነው። መታሸትም ቢሆን ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን እንጂ ብቻውን አይመከርም። የእኔ ትንሿ ጣት ዛሬም በመጠኑ እንደደነዘዘች ናት፤ ሕመሙ ሄዶ ድንዛዜ መቅረቱ የተለመደ ነው ተብያለሁ።

ጽሑፋችሁ ቀዶ ሕክምናን እንደ ጠላት ማቅረቡም አልተመቸኝም። በ2007 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የቆየባቸውን 283 ሰዎች ተከታትሏል። ቶሎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እንዲጠብቁ ከተደረጉት ይልቅ ፈጥነው ተሻላቸው፤ በዓመቱ ግን ከሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድነዋል። እንዲጠብቁ ከተደረጉት ውስጥ ደግሞ 39 በመቶው በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ትንሽ አይደለም። በ2020 የወጣ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው ሕመሙ ከ4 ወር በላይ ለዘለቀባቸው ሰዎች ቀዶ ሕክምናው ከመጠበቅ በግልጽ በልጧል። እህቴ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ የሚሞከረውን ሁሉ ሞክራ፣ ወራት ጠብቃ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዳነች። መጠበቅ ጥሩ የሚሆነው ሲሻል ነው።

በመጨረሻም በጽሑፋችሁ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁትን ልጻፍ። በሁለቱ ጭኖች መካከልና በመጸዳጃ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አልመጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ መፍሰስ፣ ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ ሁለቱም እግሮች መዛል፤ ከእነዚህ አንዱ የታየበት ሰው ክኒንም እንቅስቃሴም ሳይሞክር በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። በወገብ ግርጌ ያለው የነርቭ ጥቅል ሲታፈን የሚመጣ ነው፤ ከዘገየ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። የእግር መዳፍ በድንገት ወደ ላይ አልነሣ ካለ፣ ወይም ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ ምክንያት የሌለው መክሳት ወይም የቀድሞ የካንሰር ታሪክ ካለም ሐኪም ዘንድ መቅረብ አይቆይም። ቦታ ከጠበባችሁ ከደብዳቤዬ የፈለጋችሁትን ቁረጡ፤ ይህን አንቀጽ ግን እንዳለ አትሙልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ፋርማሲስት አንባቢያችሁ