ሙዚየሙን በአንድ ቀን አትጨርሱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሰሞን ቤተሰብ ይዞ የሚኬድባቸውን የአዲስ አበባ ቦታዎች ዘርዝራችሁ ነበር። ፓርኮቹ አሉ። ሞሎቹም አሉ። በርገር ቤት ሳይቀር ገብቷል። ሙዚየም ግን የደረሰው አንድ መስመር ነው፤ «ሉሲን ጨምሮ በርካታ ቅርሶች ይጎበኛሉ» የምትል። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋዜጣው ላይ ብቻ አልፈርድም። እኛም ሙዚየም የምንሄደው ለስሙ ያህል ነው። እንግዳ ከውጭ ሲመጣ፣ ወይም ትምህርት ቤት ሲያስገድደን። ከሄድንም በሩጫ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት የልጄን ክፍል በአንድ ጠዋት ሦስት ሙዚየም አስጎበኘ። ማታ «ምን አየህ?» ስለው «አጥንት፣ ዙፋን፣ ከዛ ምሳ» አለኝ። የምሳውን ነገር ግን አንድም ሳያስቀር ተረከልኝ። አልፈረድኩበትም። መቶ ልጅ በሰልፍ እየተነዳ፣ አስተማሪው «ቶሎ በሉ፣ አውቶብሱ ይጠብቃል» እያለ ምን ሊያይ ይችላል?

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በአንድ ቀን አንድ ቤት ይበቃል። ቤቱ ሰፊ ከሆነ አንድ ፎቅ ይበቃል። ቀሪው የትም አይሄድም።

ብሔራዊ ሙዚየምን እንውሰድ። ሰው ሁሉ እንደገባ በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ይወርዳል። ደግ አደረገ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ነው የተገኘችው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለሕዝብ የቆመው ቅጂዋ መሆኑን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ጎብኚ አለ። እኔ እንዲያውም ወሬው የሚጀምረው ከዚያ ነው ባይ ነኝ። ዋናው ለምን ተቆልፎ ይቀመጣል? ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ከሆነ ቀሪውን እንዴት አወቁት? የግራው አጥንት ካለ የቀኙን መገመት እንደሚቻል ሲነገረው ልጄ የራሱን ሁለት ክንድ እያስተያየ ነበር። ቁመቷ ደግሞ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ያህል ነው። የአምስት ዓመት ልጅ አጠገቧ ቢቆም እኩያዋ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ሰላም አለች። በ1993 ዓ.ም. የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን ናት። «የሉሲ ልጅ» የሚሏት አሉ። ነገር ግን ከ«እናቷ» በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች። ይህን ለልጅ ንገሩትና ሲስቅ እዩት። ለዚያ ቀን በቃ። የንጉሡ ዙፋን ያለበት ፎቅ ለሌላ ቅዳሜ ይቆይ።

ከሁሉም የማስበልጠው ግን ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ከአምስት ኪሎ ሽቅብ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በሩ ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። እዚያ ቤቱ ራሱ ቅርስ ነው፤ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለቀው ሕዝብ ሐውልት ደጃፉ ላይ፣ አደባባዩ መሃል ቆሟል። በየቀኑ በታክሲ እንዞረዋለን። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የነጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑትም በዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት።

የንጉሡ መኝታ ቤት ዛሬም ይጎበኛል። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ የዚያ ታኅሣሥ ነው። ልጅ ከሆነ ይዛችሁ የሄዳችሁት እዚያ ጋ ቁሙ። ማን ተኮሰ? ለምን መስታወቱን? ንጉሡ የት ነበሩ? (ብራዚል ነበሩ።) አንዲት ቀዳዳ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣታል። አዋቂው ግን፣ አይቼዋለሁ፣ ጥይቱን ትቶ የንጉሡን መታጠቢያ ቤት ነው በደንብ የሚያየው።

ሌላው ኤግዚቢሽን የተደራጀው እንደ ሰው ዕድሜ ነው። ከልደት ይነሳል፣ በልጅነት ጨዋታና በጋብቻ ያልፋል፣ ሞት ጋ ያበቃል። የየብሔረሰቡ ዕቃ በየክልሉ ታጉሮ አልተቀመጠም። ሁሉም ይወልዳል፣ ሁሉም ይቀብራል፤ የሚለያየው አሠራሩ ነው። ስትወጡ ደግሞ ሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ታያላችሁ። ጣልያኖች የሠሩት ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ማፍረስ ይቻል ነበር። እንዲህ መደረጉ ግን ይበልጥ ያናድዳቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ሥዕል የሚወድ እዚያው ስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያገኛል። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ሠዓሊም ነበር። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ፣ ቅዱሳንንና የጦር ሜዳን ማየት ለለመደ ሰው ረቂቅ ሥዕል ይዞ ቀረበ። «ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ» የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ አትቆጡት። ወረቀትና ቀለም ግዙለትና ይሞክረው።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ወረፋ አያጣም፤ የኔ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግን ሌላ ነው። አፅምና የሟቾች ፎቶ አለበት፤ ትንንሽ ልጆች አትውሰዱ። ከፍ ያሉትን ግን ውሰዱ። አስቀድማችሁም አደባባዩ ላይ አቁማችሁ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1969 ዓ.ም. ደም የሚመስል ነገር የሞላበትን ጠርሙስ የከሰከሰው እዚህ ነው በሏቸው። ከዚያ ግቡ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የዶላሩን ምንዛሪ በየእትሙ ታወጣላችሁ። አርሰናልና ማንቼ ስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ ታወጣላችሁ። አንድ ጥግ ለሙዚየም ስጡ። ዝርዝር አይሁን፤ በሳምንት አንድ ዕቃ። ፎቶው፣ የት ክፍል እንዳለ፣ ከጀርባው ያለው ታሪክ፣ ለአገር ሰው መግቢያው ስንት እንደሆነ። መቶ ሃምሳ ቃል ይበቃል። ቢሰለቻችሁ እንኳ ዕቃው አያልቅባችሁም።

የመክፈቻ ሰዓቱን ግን ካለፈው ሳምንት አትገልብጡ። ሐሙስ ሐሙስ ደውላችሁ አረጋግጡ። ልጅ ይዤ ሄጄ የተዘጋ በር ካገኘሁ ሌላ ደብዳቤ መጻፌ አይቀርም።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ