ኦልድ ትራፎርድ አላረጀም፤ ጠጋኝ አጣ እንጂ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በስፖርት ዓምድ ስለ ማንችስተር ዩናይትድ ስታዲየም የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍሬ ሐሳቡ «የመቶ አሥራ አምስት ዓመቱ ሽማግሌ ይረፍ፣ ክለቡም አዲስ ቤት ይግባ» የሚል ነው። ጸሐፊው ለክለቡ ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የዩናይትድ ደጋፊ ነኝና ስሜታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያረጁ ሕንፃዎችን ስመረምርና ስጠግን የኖርኩ መሐንዲስ ስለሆንኩ፣ «አርጅቷል» የሚለው ቃል እንዲህ በቀላሉ ሲነገር ዝም ማለት አልሆነልኝም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዕድሜውን እንቁጠር። ኦልድ ትራፎርድ የተከፈተው የካቲት 1910 ነው፤ ዩናይትድ በመክፈቻው ጨዋታ በሊቨርፑል 4 ለ 3 ተሸንፏል። የነደፈው አርኪባልድ ሊች ነበር። ይህ ስታዲየም መጋቢት 11 ቀን 1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ተመታ፤ ዋናው ትሪቡን ወደመ። ክለቡ እስከ 1949 ድረስ በባላንጣው በማንችስተር ሲቲ ሜዳ፣ በሜይን ሮድ፣ በእንግድነት ተጫወተ። ተመልሶ የገባው እንደገና ወደተሠራ ስታዲየም ነው። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ሲባል በሰሜን በኩል ምሰሶ የማይጋርደው አዲስ ትሪቡን ተገነባ። እሱም በተራው በ1995 ፈረሰና ዛሬ የምናየው ባለ ሦስት ደርቡ ቆመ። በ2006 ደግሞ ሁለቱ ማዕዘኖች ተሞሉና ሜዳው ሰባ ስድስት ሺህ ገደማ ተመልካች መያዝ ቻለ። ከ1910ሩ ግንባታ ዛሬ የቀረው በደቡቡ ትሪቡን መካከል የሚገኘው አሮጌው የተጫዋቾች መውጫ ብቻ ነው።

ታዲያ መቶ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው የትኛው ነው? ሰሜኑ ትሪቡን ሠላሳ ዓመት ገደማው ነው። ማዕዘኖቹ ሃያ። ይህ ለአርማታና ለብረት ሥራ የጉልምስና ዕድሜ ነው። ኦልድ ትራፎርድ ሲኖር የኖረው ክፍል በክፍል እየተተካ ነው፤ ቦታው አንድ ሆኖ አካሉ ሲታደስ ቆይቷል። ያ መታደስ በ2006 ቆመ። ጥያቄዬ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

በእኛ ሙያ ስለ አንድ ሕንፃ ዕድሜ አይጠየቅም፤ ስለ እያንዳንዱ ክፍል ይጠየቃል። የአርማታ ምርመራ የሚጀምረው ደግሞ በመዶሻ ነው። ሶሌታውን (የአርማታውን ወለል) ወይም ቢሙን (ወለሉን የሚሸከመውን አግዳሚ) ቀስ እያሉ ያንኳኩታል። ጤነኛ አርማታ ድምፁ ጠጣር ነው፤ መዶሻውን ወደ እጅ ይመልሰዋል። ውስጡ ያለው ፌሮ የዛገበት ቦታ ግን እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ የሸፈነውን ኮንክሪት ከውስጥ ገፍቶ ያላቅቀዋል። ከላይ ደኅና የሚመስለው ወለል ከሥሩ ተለይቶ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ጆሮው የሠለጠነ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ የታመመውን ከጤነኛው ለይቶ በጠመኔ ይከብበዋል። ከዚያ በኋላ ነው ይጠገን ወይስ ይፍረስ የሚባለው። ዓምደኛችሁ በጻፉት ውስጥ የትኛው ትሪቡን፣ የትኛው ቢም፣ የትኛው መወጣጫ እንደታመመ አንድም ቃል የለም። ዓመት ብቻ ነው የተቆጠረው።

አንድ ጊዜ የአንድ አራት ፎቅ ሕንፃ ባለቤት (ማንነቱን አልጠቅስም) «ሕንፃው አርጅቷል፤ እንድናፈርሰው አስተያየትህን በጽሑፍ ስጠን» ብሎ ጠራኝ። በላይኛው ፎቅ ግድግዳው ሻግቶ ልስኑ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል፤ ሠራተኞቹ ጠረጴዛቸውን ከግድግዳው አርቀው መካከል ላይ ተሰብስበዋል። ጣሪያው ላይ ወጣሁ። አሸንዳው በበሰበሰ ቅጠል ተሞልቶ፣ ቅጠሉ አፈር ሆኖ፣ አፈሩ ሣር አብቅሏል። ሣሩን በእጄ ስነቅለው ሥሩ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ወጣ፤ ሥሩ የታቀፈው ውኃ እጅጌዬን አራሰው። ማውረጃ ቱቦው አፉ ተደፍኖ ስለነበር ዝናቡ መሄጃ አጥቶ ለዓመታት ወደ ግድግዳው ሲገባ ኖሯል። በማግሥቱ አሸንዳው ተጠረገ። ግድግዳው ለመድረቅ ሁለት ወር ፈጀበት። ሕንፃው ዛሬም ያገለግላል። ያ ሣር እዚያ ለመብቀል ስንት ክረምት እንደፈጀበት፣ በእነዚያ ክረምቶች ሁሉ ማንም ሰው መሰላል አቁሞ እንዳልወጣ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ግንቦት 12 ቀን 2024 ዩናይትድ በሜዳው በአርሰናል 1 ለ 0 የተሸነፈበትን ቀን የማያስታውስ ደጋፊ የለም። ከጨዋታው በኋላ ማዕበል ወረደ፤ ከጣሪያው ጥግ ውኃው እንደ ፏፏቴ በመቀመጫዎቹ ላይ ሲወርድ ዓለም በሙሉ ተመለከተው። ሴት ልጄ የአርሰናል ደጋፊ ናት፤ አብረን ነበር ያየነው። «አባዬ፣ ጣሪያው አርጅቶ ነው?» አለችኝ። በቴሌቪዥን ምርመራ አይደረግም፤ ሆኖም ያየሁትን ነገርኳት። ቆርቆሮ በእርጅና ሲበሳሳ ውኃው እዚህም እዚያም ይንጠባጠባል። ይህ ግን ከአንድ ጥግ፣ በአንድ ወፍራም ዘንግ ነው የወረደው፤ የዝናቡን ብዛት መሸከም ያቃተው መውረጃ የሚተፋው ውኃ እንዲህ ነው። በዚያ ምሽት ልቤ የተሰበረው ከሽንፈቱ ይልቅ በዚያ ውኃ ነው። ሙያዬ ነውና፣ ጥገና እንደጎደለ የሚናገር ውኃ ስመለከት አውቀዋለሁ።

ጥገናው ለምን ጎደለ ቢባል፣ መልሱ ከሜዳው ውጭ ነው። የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ክለቡን ሲገዛ ከግዢው ገንዘብ ብዙው ብድር ነበር፤ ዕዳውም በራሱ በክለቡ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ክለቡ ለወለድ የከፈለው ገንዘብ በብዙ መቶ ሚሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ነው። በ2006 ማዕዘኖቹ ካለቁ በኋላ ደግሞ ትልቅ የሚባል ግንባታ አልተደረገም። ውጤቱን አይተናል። የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ፣ የ1996ቱን የአውሮፓ ዋንጫ፣ የ2003ቱን የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ያስተናገደ ስታዲየም ለ2028ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ከተመረጡት ሜዳዎች ውስጥ የለም። በማንችስተር ከተማ የተመረጠው የሲቲ ሜዳ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

መጋቢት 11 ቀን 2025፣ ቦምቡ በወደቀ ልክ በ84ኛ ዓመቱ፣ ክለቡ በኦልድ ትራፎርድ ጎን መቶ ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም እንደሚሠራ አስታወቀ። ንድፉ የኖርማን ፎስተር ድርጅት ነው፤ ወጪው 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ በአምስት ዓመት ያልቃል ተብሏል። ሦስት ረጃጅም ምሰሶዎች የሚሸከሙት አንድ ግዙፍ ጃንጥላ መላውን ስታዲየም ይጋርዳል፤ የዝናብ ውኃም ይሰበስባል። ንድፉ ውብ ነው፤ አልክድም። ግን ያ ሁሉ ጨርቅና ብረት የሚሰበስበውን ውኃ ወደ መሬት የሚያወርደው ያው አሸንዳ፣ ያው ቱቦ ነው። ሰባ ስድስት ሺህ ሰው የሚቀመጥበትን ጣሪያ መጥረግ ያቃተው ክለብ ከዚያ የሚሰፋውን ጃንጥላ ማን ይጠርግለታል?

ዓምደኛችሁ «ጠግኖ ማስፋት አይቻልም፤ ደጋፊውን ያፈናቅላል፤ ቡድኑንም ይጎዳል» ብለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ራሱ ዩናይትድ በ1995 ሰሜኑን ትሪቡን ከመሠረቱ አፍርሶ ሲገነባ ከሜዳው አልወጣም። ለወራት በሦስት ወገን ተመልካች፣ በአንድ ወገን ክሬን እያለ ተጫወተ። በዚያው የውድድር ዓመት ሊጉንም የኤፍኤ ዋንጫንም ደርቦ ወሰደ። ኤሪክ ካንቶና ከስምንት ወር ቅጣት ተመልሶ ለሊቨርፑል መረብ የላካትን ፍጹም ቅጣት ምት የሚያስታውስ ሰው፣ ያ ትሪቡን ገና በመሠራት ላይ እንደነበር ያስታውስ።

ሊቨርፑልንም እንመልከት፤ ለዩናይትድ ደጋፊ መራር ቢሆንም። ለዓመታት አንፊልድን ትቶ በአጠገቡ ባለው መናፈሻ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ሲያቅድ ነበር። በ2012 አዲሶቹ ባለቤቶች ሐሳቡን ተዉና ያለውን ማስፋት መረጡ። የዋናው ትሪቡን አዲስ አጥንት ከአሮጌው ጀርባ ቆመ፤ ጨዋታው እንደቀጠለ ብረቱ ከኋላ ወደ ላይ አደገ፤ በ2016 ተከፈተ። ቀጥሎ የአንፊልድ ሮድ ትሪቡን ተነሣ። በመካከል ተቋራጩ ከስሮ ሥራው ቢጓተትም አልቋል፤ ዛሬ ስልሳ አንድ ሺህ ሰው ይገባበታል። ኮፕ የሚባለው ዝነኛው የደጋፊዎች ትሪቡንም ባለበት ነው ያለው።

የኦልድ ትራፎርድ ችግር ደቡቡ ትሪቡን፣ በሰር ቦቢ ቻርልተን ስም የሚጠራው፣ መሆኑን አውቃለሁ። ከጀርባው የባቡር ሐዲድ ያልፋል። ስለዚህ እሱ ብቻ ባለ አንድ ደርብ ሆኖ ቀርቷል። ወደ ላይ ማሳደግ ማለት በሐዲዱ ላይ መንጠላጠል፣ ከሐዲዱ ማዶ ካሉ ነዋሪዎችም ጋር መስማማት ማለት ነው። ከባድ ነው፤ ውድም ነው። መወጣጫዎቹ ጠባብ መሆናቸው፣ ጉልበት የማያዘረጉት መቀመጫዎች፣ የአካል ጉዳተኞች ቦታ ማነስ እውነተኛ ጉድለቶች ናቸው። እነዚህን ዘርዝሮ «ለዚህ ለዚህ ሲባል ይተካ» የሚል ሰው ቢመጣ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ሰው የሚገድል ከሆነማ ክርክር የለም። በ2007 በብራዚል ሳልቫዶር፣ በፎንቴ ኖቫ ስታዲየም፣ የላይኛው ደርብ ወለል ተደርምሶ ሰባት ሰዎች ወድቀው ሞቱ። ያ በመዶሻ ቢንኳኳ የሚናገር ወለል ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1985 በብራድፎርድ ከተማ የእንጨቱ ትሪቡን ተቃጥሎ 56 ሰዎች አለቁ። ከወለሉ ሥር ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ ነበር፤ አደጋ አለው የሚል ማስጠንቀቂያ ለክለቡ ደርሶ ነበር፤ ጣሪያውን ለመቀየር የሚያስፈልገው ብረት እንኳ ተገዝቶ የውድድር ዓመቱን ማለቅ ይጠብቅ ነበር። እዚያ ሰው የፈጀው የእንጨቱ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ያልተጠረገው ቆሻሻ ነው። ክለቡ ደግሞ ሜዳውን ጥሎ አልሄደም፤ ቫሊ ፓሬድን እንደገና ሠርቶ በ1986 ተመለሰበት።

ልጄ አርሰናልን ጠቅሳ ትከራከረኛለች። ሃይበሪን በ2006 ትተው ኤምሬትስ ገቡ፤ ምን ጎደላቸው? ትላለች። ሃይበሪ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዙሪያውን መኖሪያ ቤት ከብቦት መስፊያ አልነበረውም፤ ስለዚህ መሄዳቸው ትክክል ነበር። ግን ዋጋውን ከፍለዋል። የስታዲየሙን ዕዳ ለመክፈል ምርጥ ተጫዋቾቻቸውን እየሸጡ፣ ከ2005 እስከ 2014 አንድም ዋንጫ ሳያነሱ ቆዩ። ያም ሆኖ አርሰናል ያን ዕዳ የገባበት ቀድሞ ሌላ ከባድ ዕዳ ሳይኖርበት ነው። ዩናይትድ ግን የመግዣውን ዕዳ ተሸክሞ የግንባታ ዕዳ ሊደርብበት ነው። ከፋዩ ማን እንደሆነ ደግሞ አይተናል፤ በ2024 መጨረሻ፣ ውድድሩ በተጋመሰበት ወቅት፣ የቀሩት የአባላት ትኬቶች ለልጅም ለአዛውንትም ሳይቀነስ 66 ፓውንድ እንዲሆኑ ተወስኗል።

ዌስት ሃምን ማንሳትም አይከፋም። አፕተን ፓርክን በ2016 ትተው ለኦሊምፒክ ወደተሠራው ስታዲየም ሲገቡ መቀመጫው በዛ፤ ሜዳው ግን ከተመልካቹ ራቀ። ቅሬታው እስካሁን አልበረደም።

ኤቨርተን ያደረገው ግን ልቤን ነክቶታል። ጉዲሰን ፓርክን፣ ከ1892 ጀምሮ የኖሩበትን፣ በ2025 ትተው ወደ ወደቡ ዳር አዲስ ስታዲየም ሄዱ። አሮጌው ሊፈርስ ታቅዶ ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት ለሴቶች ቡድናቸው ሰጡት። ሣሩ ይታጨዳል፤ መብራቱ ይበራል፤ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያንም አሁንም ወደ ሜዳው ትመለከታለች።

ዩናይትድ የግድ ይሂድ ከተባለ ቢያንስ ይህን እጠይቃለሁ፤ ኦልድ ትራፎርድን አሳንሰው ለሴቶችና ለወጣቶች ቡድን ያቆዩት፤ በ1958 በሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ ላለቁት መታሰቢያ የሆነው ሰዓትም ከተሰቀለበት አይውረድ። የ1910ሩ መውጫ የአዲሱ ስታዲየም መኪና ማቆሚያ እንዳይሆን እለምናለሁ። ቦምብ ያልጣለውን በር እኛ አንጣለው።

ለዓምደኛችሁ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። በሚቀጥለው ሲጽፉ የትኛው ትሪቡን ተመርምሮ ምን እንደተገኘበት፣ ስንቱ ፌሮ እንደዛገ፣ መጠገኛው ስንት፣ መተኪያው ስንት እንደሆነ ይዘው ይምጡ። ሒሳቡ ይፍረስ የሚል ከሆነ «ይፍረስ» የሚል ደብዳቤ ለዚሁ ጋዜጣ ቀድሜ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕንፃ ጥገና መሐንዲስና የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ