የምስጋና መልእክት፦ ለእናታችን ለደረሳችሁላቸው ሁሉ

እናታችን ከሕመማቸው አገግመው ከደሴ ወደ ኩታበር ቤታቸው ገብተዋል። በጭንቅ ቀን ከጎናችን ለቆማችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሕክምና ባለሙያዎች በሙሉ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ለሕመም የዳረጋቸው ነገር፣ ሐኪም ሳያዝ የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ በብዙዎቻችን ቤት የሚገኝ ስለሆነ አብረን እንድንገልጸው ያዘዙን ራሳቸው እናታችን ናቸው።

በቅድሚያ የምናመሰግነው የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ረመዳን ስለነበር፣ እናታችን ፊታቸው ገርጥቶ ራሳቸውን ሲያዞራቸው ጠያቂው ሁሉ ጾሙ አድክሟቸው ነው ይል ነበር፤ እሷ ግን አጠገባቸው ተቀምጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ሰገራቸው ቀለም ጠየቀቻቸው። «እንደ ሬንጅ ጠቁሯል» ሲሏት፣ የደም ማነስ ክኒንም ሰገራን ስለሚያጠቁር እሱን ይወስዱ እንደሆነ አጣርታ፣ እንደማይወስዱ ስታውቅ ከጨጓራ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላልና ሳይነጋ ደሴ ይድረሱ አለችን። በዚያ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነሥቶ መኪናውን ላስነሣውና የነዳጅ እንኳ አልቀበልም ላለን ጎረቤታችን አላህ ይስጥልን።

ደም ያስፈልጋል በተባለ ጊዜ የቅሬያችን፣ ማለትም የመረዳጃ ዕድራችን፣ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ደሴ ድረስ መጥተው ክንዳቸውን ዘርግተዋል። ወሎ ላይ ይህ አዲስ ነገር ባይሆንም ሳናመሰግን አናልፈውም።

ሐኪሞቹ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ አይተው ጨጓራቸው ላይ የሚደማ ቁስል አገኙ። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ሲጠየቁ ግን እናታችን «ምንም» አሉ፤ የራስ ምታት ክኒን በእሳቸው ዘንድ ከመድኃኒት አይቆጠርምና። ሐኪሙ በዚህ ሳይረካ «እሺ እማማ፣ ለራስ ምታትስ? ለጉልበትስ?» ብሎ በትዕግሥት ደጋግሞ ሲጠይቃቸው የሻሻቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ከውስጡ የወጡት አስፕሪንና ካፌይን ያለበት ክኒንና ለጉልበታቸው የሚወስዱት ዲክሎፌናክ ነበሩ። የራስ ምታቱ ክኒን ከሱቅ በመቀስ ተቆርጦ የተገዛ ስለነበር የማብቂያ ቀኑ ያለበት ጫፍ አብሮት አልነበረም። አስፕሪኑም ዲክሎፌናኩም ጨጓራን ከገዛ አሲዱ የሚጠብቀውን ሽፋን የሚያዳክሙ ስለሆኑ አንድ ላይ ሲወሰዱ ጉዳታቸው ይብሳል። በዚያ ላይ አስፕሪን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌት የሚባሉ ሕዋሳት ሥራ ያስፈታል፤ አንዴ የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ፣ ወደ ሥራው አይመለስም።

ለፋርማሲ ባለሙያዋ ያለን ምስጋና ለብቻው ነው። እናታችን ቡና ወዳድ ናቸው፤ ከአቦል እስከ በረካ አያልፋቸውም። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ሊጀምረው እንደሚችልና ካፌይን ያለበት ክኒን ቶሎ የሚያሽላቸው በከፊል ያንኑ የቡናውን ካፌይን ስለሚተካ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ስለዚህ ከረመዳን በፊት ቡናውን ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል፤ ክኒኑንም አፍጥር ላይ ምግብ ሳይቀምሱ በባዶ ሆድ መዋጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ቅይጥ ማስታገሻ ለወራት፣ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ስትነግራቸው እናታችን «አይ ጉድ፣ መድኃኒቱ በሽታ ሆኖ አረፈዋ!» ብለው እሷንም አሳቋት። ክኒኖቹን ዳግም እንዳይወስዱ ነግራ፣ የጨጓራውን አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል መቼ እንደሚውጡ ማንበብ ለማይችሉት እናታችን ማሸጊያው ላይ ፀሐይ ሥላ ሰጥታቸዋለች።

ለልጅ ልጆቻቸውም አስባለች። ጉንፋን ወይም ሌላ ቫይረስ ያመጣው ትኩሳት ለያዘው ልጅ አስፕሪን መስጠት ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳንሰጥ ነግራናለች።

የእናታችን ነገር ከተሰማ ወዲህ ሐኪም ለልብ ያዘዘላቸውን አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ለማቆም ያሰቡ ጎረቤቶች እንዳሉ ሰምተናል። እባካችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቆሙ፤ የእናታችን ጉዳይ ማንም ሳያዝላቸው ለወራት የወሰዱት ማስታገሻ እንጂ የእናንተው አይደለም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሚቀጥለው የቅሬያችን ስብሰባ ተገኝታ የእያንዳንዳችንን ክኒን ለማየት ፈቃደኛ ሆናለች። ከሱቅም ከፋርማሲም የገዛችሁትን፣ ከተገኘ ከነማሸጊያው፣ ይዛችሁ ኑ። ቡና የእናታችን ነው፤ የእሳቸው ድርሻ ለጊዜው አንድ ስኒ ብቻ ነው።

ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው
ኩታበር፣ ደቡብ ወሎ